ቦንሳይን ከብርድ ወራት በሕይወት ማውጣት፦ ከመስቀል እስከ ሚያዝያ ደረጃ በደረጃ

በየዓመቱ መጋቢት ላይ የሚደርሱኝ ፎቶግራፎች ይመሳሰላሉ። አንድ ቦንሳይ፣ ማለትም በትንሽ ሸክላ የሚያድግ ጥድ፣ ቅጠሉ እንደ ድርቆሽ የነጣ፣ ከጀርባው ሶፋ ወይም ቴሌቪዥን። አብሮት የሚመጣው ጥያቄም አንድ ነው፦ «ከብርድ አስገብቼው፣ ማሞቂያው አጠገብ አስቀምጬው ነበር፤ ታዲያ ለምን ሞተ?» የሞተው ማሞቂያው አጠገብ ስለተቀመጠ ነው።

እኔም የመጀመሪያዬን የገደልሁት እንዲሁ ነው። ከመንገድ ዳር የተገዛ ጥድ ነበር፤ አፈሩ ላይ ጠጠር በሙጫ ተለጥፎበታል። ኅዳር ላይ ውጭ ሲንቀጠቀጥ ማየት አላስችል ብሎኝ ሳሎን አስገባሁት። እስከ የካቲት አረንጓዴ ነበር። ጥድ ከሞተ በኋላም ለሳምንታት መልኩን አይለውጥምና ለካ ሬሳ ውሃ ሳጠጣ ከርሜአለሁ።

መመሪያው የተዘጋጀው በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ሰው ነው። እዚህ ጥር ላይ አንዳንዱ ሌሊት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ (14 ፋራናይት) እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ብርዱ በሚብስበት በሚኒሶታ ወይም በስቶክሆልም ያላችሁ ደረጃ 4 ላይ ስትደርሱ የጋራዡን መንገድ ተከተሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ላንሳ። አገር ቤት ክረምት ማለት ውሃ የሚተርፍበት ወቅት ስለሆነ፣ ክረምት ሲባል እጃችን ከማጠጫው ይርቃል። እዚህ ያ ልማድ ዛፍ ይገድላል። ስለዚህ ከዚህ በኋላ ክረምት የሚለውን ትቼ «የብርድ ወራት» እላለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእንጨት ቅርፊት ስብርባሪ ለጉዝጓዝ (ለአምስት ሸክላ ሁለት ትልልቅ ከረጢት ይበቃል)
- ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት፣ ለአይጥ
- የሽቦ መቁረጫ
- ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ
- ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ሙቀት መዝግቦ የሚያሳይ ቴርሞሜትር
- በረንዳ ብቻ ላላቸው ወፍራም የፎም ሳጥን

ቴርሞሜትሩን አትዝለሉት። ሰው ሲበርደው የሚገምተውና ሸክላው አጠገብ ያለው ሙቀት ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

ደረጃ 1፦ ዛፉ የትኛው ወገን እንደሆነ ለዩ

ቦንሳይ የዛፍ ዝርያ አይደለም፤ በትንሽ ሸክላ የሚያድግ ማንኛውም ዛፍ ነው። ስለዚህ «ቦንሳይ ውጭ ይደር ወይስ ይግባ?» ለሚለው ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ሦስት ወገን አለ።

*ውጭ የሚያድሩ።* ጥድ፣ ፓይን (ቅጠሉ እንደ መርፌ የሆነ)፣ የጃፓን ሜፕል፣ ቅጠሉን የሚያራግፍ ኤልም። እነዚህ ብርዱን መቻል ብቻ ሳይሆን ይፈልጉታል። ቀኑ ሲያጥርና ሲቀዘቅዝ ይተኛሉ፤ በፀደይ በትክክል ለመንቃትም ከ0 እስከ 7 ዲግሪ (ከ32 እስከ 45 ፋራናይት) ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ በጠቅላላው ብዙ መቶ ሰዓታት ማሳለፍ አለባቸው። እንቅልፉን የተነፈገ ዛፍ አንድ ዓመት ቢሰነብት ሁለተኛውን አይደግምም።

*ቤት የሚገቡ።* ፋይከስና ጄድ (ቅጠሉ ወፍራም የሆነ ተክል)። ፋይከስ የዋርካና የሾላ ዘመድ ነው፤ ውርጭ አያውቅም። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ (50 ፋራናይት) መውረድ ሲጀምር ይግባ።

*መሐል ላይ ያሉ።* ወይራ፣ ሮማን፣ የቻይና ኤልም። ትንሽ ውርጭ ይችላሉ፤ አፈራቸው ግን ለቀናት ግግር ሆኖ መቆየት የለበትም። ማሞቂያ የሌለው፣ ውሃ ግን በረዶ የማይሆንበት ክፍል ከተገኘ እዚያ ያሳልፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ጥድ» የሚለው ስም እንዳያሳስታችሁ። እዚህ የሚሸጠው የቻይናና የጃፓን ጥድ የእኛው የሐበሻ ጥድ ዘመድ ቢሆንም ጠባዩ ሌላ ነው። ከአገር ቤት ዘር አምጥታችሁ የሐበሻ ጥድ ያበቀላችሁ ካላችሁ ከወይራው ጋር መድቡት። የደጋ ብርድ ለምዷል፤ አፈር በረዶ ሆኖ ሲረጋ ግን አያውቅም።

ደረጃ 2፦ ከመስከረም እስከ ጥቅምት አጋማሽ

1. ናይትሮጂን የበዛበት ማዳበሪያ ከመስቀል በፊት አቁሙ። በዚህ ሰዓት የሚወጣ ለጋ ቀንበጥ ሳይጠነክር ውርጭ ይደርስበታል። ናይትሮጂኑ አነስተኛ የሆነውን ማዳበሪያ ግን ቅጠል እስኪረግፍ መስጠት ይቻላል።

2. ከባድ ገረዛ አታድርጉ። ቅርንጫፍ መቁረጥ ዛፉን «አብቅል» ብሎ እንደ ማዘዝ ነው። የደረቀና የተሰበረ ብቻ ይነሳ።

3. ሸክላ አትቀይሩ፣ ሥር አትቁረጡ። የተቆረጠ ሥር ከውርጭ በፊት አያገግምም። ለመጋቢት አቆዩት።

4. ቅርንጫፉን ቅርጽ ለማስያዝ የተጠመጠመውን ሽቦ አሁን መርምሩ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው። ዛፍ በመከር ወቅት ቁመቱን ትቶ ይወፍራል፤ ነሐሴ ላይ ልል የነበረ ሽቦ በጥቅምት ቅርፊቱ ውስጥ ሰምጦ ይገኛል። የሰመጠውን አትጠምዝዙ፤ በየዙሩ በመቁረጫ እየቆረጣችሁ አንሱ።

5. ከላይ ጠጠር ከተለጠፈበት ጠጠሩን ንቀሉ። የሙጫው ሽፋን ውሃ አያሳልፍም፤ ከላይ እርጥብ መስሎ ከሥር እንደ ትቢያ ደርቆ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ብርዱን እንዲለምዱ ተዉአቸው

የመጀመሪያው ቀላል ውርጭ ሲመጣ (በአካባቢያችን ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ጠብቁት) ውጭ የሚያድሩትን አታንቀሳቅሱ። ይህ ውርጭ ነው እንቅልፋቸውን የሚያጠነክረው። ቸኩሎ የሸፈነ ሰው ዛፉን ሳያስተኛ ወደ ጥር ይልከዋል።

የሜፕሉ ቅጠል ቀልቶ ይረግፋል፤ አትደንግጡ። ጥድም ወደ ነሐስ ወይም ወደ ሐምራዊ ይጠጋል፤ በፀደይ ይመለሳል። የተኛውን ከሞተው መለየት ቀላል ነው፤ የተኛ ጥድ ቅጠል በጣት ሲታሽ ልስላሴ አለው፣ የሞተው ተሰባብሮ መዳፍ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ኅዳር ሲታጠን ማጽዳት፣ ከዚያ ወደ ማደሪያ ማስገባት

ቀኑን ለማስታወስ የምጠቀምበት ዘዴ አለኝ። አገር ቤት ኅዳር 12 ቀን ግቢው ተጠርጎ ቆሻሻው ይቃጠላል። በፈረንጅ ኖቬምበር 21 ገደማ ነው፤ እዚህም ቅጠሉ ረግፎ ያለቀበት ሳምንት ይሆናል። ጽዳቱንና ዝውውሩን በዚያ ሳምንት ጨርሱ። ጭሱን ግን ጎረቤት ስለማይወደው ተዉት።

*ጽዳት*

1. የረገፈውን ቅጠል ከሸክላው ላይ ለቅማችሁ አስወግዱ፤ ሻጋታና የተባይ ዕንቁላል የሚከርመው እሱ ውስጥ ነው።
2. ግንዱ ላይ የወጣውን አረንጓዴ ሽበት በብሩሽና በውሃ አንሱ። የጥዱን ቅርፊት አትፈትጉ።
3. የቅርንጫፉን ታችኛ ጎን እዩ። በጥፍር ሲነኩ ተነቅለው የሚወጡ ቡናማ ጉብታዎች ካሉ ተባይ ናቸው። ለቅማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ለተክል የሚሸጠውን ዘይት በመያዣው ላይ በተጻፈው መጠን ርጩ።
4. በውሃ መውረጃው ቀዳዳ ሥር ወጥቶ እንዳልዘጋው አረጋግጡ። ውሃ ያቆረ ሸክላ ጥር ላይ ይሰነጠቃል።

*ማደሪያ*

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ። ብርድ ቦንሳይን የሚጎዳው በቅርንጫፉ በኩል አይደለም። መሬት ላይ የበቀለ ሜፕል ቅርንጫፉ ነፋስ ላይ ነው፣ ሥሩ ግን የምድር ሙቀት ውስጥ ነው። በሸክላ ያለው ሥሩም እንደ ቅርንጫፉ አየር ላይ ተሰጥቷል። ሥር ደግሞ ከቅርንጫፍ ይልቅ ስስ ነው፤ ቅርንጫፉ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚችል ዛፍ ሥሩ ከዜሮ በታች 10 ላይ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የምትሸፍኑት ሥሩን ነው።

ግቢ ካላችሁ፦

1. ከቤቱ በስተ ሰሜን ወይም በስተ ምሥራቅ፣ ነፋስ የማይመታው ጥግ ምረጡ። በስተ ደቡብ ያለው ግድግዳ የሚያጓጓ ይመስላል፤ ቀን ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል፣ ሌሊት ውርጭ ይመታዋል።
2. ከጣሪያ በረዶ የሚናድበት መስመር ላይ እንዳይሆን ቀና ብላችሁ እዩ። ሁለት ዓመት የሠራሁበትን ሜፕል ጫፍ ያጣሁት በዚህ ነው።
3. ሸክላዎቹን ከመደርደሪያ አውርዳችሁ መሬቱ ላይ፣ ተጠጋግተው አስቀምጡ። ከሥራቸው ጣውላ አታድርጉ፤ የምድሩን ሙቀት ይከለክላል።
4. ዙሪያውን በሽቦ ወንፊት እጠሩ፤ የወንፊቱን እግር 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት።
5. የቅርፊት ጉዝጓዙን በሸክላዎቹ መካከልና ዙሪያ ሙሉ፤ ከሸክላው አፍም በላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይልበስ። ግንዱን ግን አንቆ እንዳይዝ በእጃችሁ ገለጥ አድርጉለት።
6. አጠጡ። ጉዝጓዙ ሳይቀር ይራስ።

በረንዳ ብቻ ካላችሁ፦ የበረንዳ ጠላቱ ነፋስና ከወለሉ በታች የሚያልፍ አየር ነው። የፎም ሳጥኑን ታች በስቱ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ጉዝጓዝ አንጥፉ፣ ሸክላውን አስገብታችሁ እስከ አፉ ሙሉ። ሳጥኑን ከሕንፃው ግድግዳ ጋር አስጠግታችሁ በገመድ እሰሩት። ላስቲክ አታልብሱ፤ ፀሐይ ስትወጣ ውስጡ እንደ ምድጃ ይሞቃል።

ጋራዥ ወይም የማይሞቅ መጋዘን ካላችሁ፦ ቴርሞሜትሩን ሰቅላችሁ ለሳምንት ተከታተሉ። ከዜሮ በታች 4 እና ከዜሮ በላይ 7 ዲግሪ መካከል ከዋለ ካደረ መልካም ነው። ከ10 በላይ የሚወጣ ከሆነ ዛፉ ጥር ላይ ይነቃል። ቅጠሉን ያራገፈ ዛፍ ብርሃን አያስፈልገውም፣ ጨለማ ውስጥ ይከርማል። ጥድና ፓይን ግን መስኮት አጠገብ ይሁኑ።

በዋሽንግተን ብሔራዊ አርቦሬተም (የዛፎች መናፈሻ) ያለው የቦንሳይ ሙዚየምም በብርድ ወራት ብዙዎቹን ዛፎች ወደ መጠለያ ያስገባል። መጠለያ ማለት ግን ሳሎን ማለት አይደለም።

ደረጃ 5፦ ውሃ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት

የረጋ አፈር ውስጥ ያለ ሥር ውሃ አይስብም። ነፋስና ፀሐይ ደግሞ ከጥድ ቅጠል ውሃ መውሰዳቸውን አያቆሙም። ዛፉ በበረዶ ተከቦ የሚጠማው በዚህ መንገድ ነው።

1. በየሳምንቱ አንድ ቀን ወስኑና ጣታችሁን እስከ አንድ አንጓ አፈሩ ውስጥ ስደዱ። እኔ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አደርገዋለሁ። ከላይ ትንሽ ከደረቀ አጠጡ፤ ከራሰ ተዉት። ጋራዥ ውስጥ ላለው ብዙ ጊዜ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል።
2. ጠዋት፣ ሙቀቱ ከዜሮ በላይ ሲሆን አጠጡ። ማታ የፈሰሰ ውሃ ሸክላው ጠርዝ ላይ ይረጋል።
3. ከባድ ብርድ ሲተነበይ ከአንድ ቀን በፊት አጠጡ። ብዙ ሰው «ውሃው በረዶ ሆኖ ይጎዳዋል» ብሎ ይፈራል። እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ ውሃ ሲረጋም ሙቀት ይለቃል። ደርቆ የሚያድር ሥር ነው ቶሎ የሚሞተው።
4. በረዶ ሲወርድ ሸክላዎቹ ላይ ክመሩበት። ብርድ ልብስም ነው፣ ሲቀልጥም ውሃ ነው። ጋራዥ ውስጥ ላሉትም በአካፋ ውሰዱላቸው። ከመንገድ ዳር የተጠረገውን ግን አትንኩ፤ ጨው አለበት።

ደረጃ 6፦ ቤት የገቡት

ፋይከሱን ከማስገባታችሁ በፊት ቅጠሉን ከላይም ከታችም በውሃ እጠቡ፤ ከውጭ የገባ አንድ ተባይ በሞቃት ቤት ውስጥ በወር ቤተሰብ ይሆናል። በስተ ደቡብ ያለው መስኮት ላይ አስቀምጡ። ቅጠሉ መስታወቱን እንዳይነካ፣ የማሞቂያው አየርም ቀጥታ እንዳይነፍስበት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉን ሊያራግፍ ይችላል። ቦታ ስለተቀየረበት ነው። ሰው ይህን ሲያይ ውሃ ይጨምርለታል፣ ሥሩም ይበሰብሳል። ቅጠል ያነሰው ዛፍ የሚጠጣውም ያነሰ ነው፤ ውሃውን ቀንሱና ጠብቁ።

ደረጃ 7፦ ሲበላሽ

*ጥዱን ሳሎን አስገብቼው ነበር።* ከሁለት ሳምንት ካልበለጠ ቀጥታ ወደ ውርጩ አትወርውሩት። 5 ዲግሪ አካባቢ ባለ ጋራዥ ለሳምንት ያህል አቆዩትና ከዚያ ጉዝጓዝ ውስጥ አስገቡት። አዲስ ቀንበጥ ማውጣት ከጀመረ ግን ወደ ውርጭ መመለስ አይቻልም፤ በጣም ቀዝቃዛና ብሩህ የሆነውን ክፍል ፈልጉለት፣ እስከ ፀደይም እዚያው ይቆይ።

*ሸክላው እንደ ድንጋይ ግግር ሆነ።* ተዉት። ሙቅ ውሃ አታፍስሱ፣ ወደ ቤት አታስገቡ። ጥላና ከነፋስ የተከለለ ቦታ መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ጥድ ወይም ፓይን ሆኖ ግግሩ ሳምንት ካለፈ፣ እስኪለቅ ድረስ ጋራዥ ይግባ።

*ሸክላው ተሰነጠቀ።* ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አፉ ወደ ውስጥ የጠበበ ሸክላ ደግሞ መውጫ አይሰጠውም። በጥር ዛፉን አታውጡ። ስንጥቁን በሽቦ ወይም በገመድ እሰሩ፣ በጆንያ ጠቅልሉ፣ ጉዝጓዙን መልሱ። አዲስ ሸክላ በመጋቢት።

*በረዶ ቅርንጫፉን አጎበጠው።* ልል ከሆነ ከሥር ወደ ላይ በብሩሽ አራግፉ። መስታወት መስሎ የተጣበቀውን ግን አትሰብሩ፤ ቅርንጫፉ አብሮ ይሄዳል።

*አይጥ ቅርፊቱን ላጠው።* በአንድ ጎን ብቻ ከሆነ ዛፉ ይተርፋል። ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከላጠው ግን፣ ከተላጠው በላይ ያለው አልቋል።

*የካቲት ላይ ሞቆ እምቡጡ አበጠ።* ጥላ ወዳለበት አዙሩ። የተከፈተ እምቡጥ ብርድ የመቻል ኃይሉን ጥሏል። ከፈነዳ፣ ሌሊት ጋራዥ ቀን ውጭ እያመላለሳችሁ ትዘልቃላችሁ። አድካሚ ነው።

*ሞቶ ይሆን?* ቀጭን ቅርንጫፍ ላይ ቅርፊቱን በጥፍር ጫሩ። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ሕያው ነው። ቡናማ ከሆነ ወደ ግንዱ እየተጠጋችሁ ደግማችሁ ጫሩ። እስከ ግንቦት ሳትጠብቁ አትጣሉ።

ደረጃ 8፦ ማውጣት

መጋቢት ላይ እምቡጦቹ ማበጥ ሲጀምሩ ጉዝጓዙን በአንድ ቀን ሳይሆን በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሳችሁ አንሱ። ሸክላ መቀየርና ሥር መግረዝ የሚገባው አሁን፣ እምቡጡ አብጦ ቅጠሉ ሳይዘረጋ ነው። ጋራዥ የከረመውን በደመናማ ቀን አውጡ፤ ለመጀመሪያው ሳምንት ቀጥታ ፀሐይ አያግኘው።

ማዳበሪያ ቅጠሉ ተዘርግቶ እስኪጠነክር አትስጡ። ሥር የተቆረጠለት ደግሞ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይታገሥ።

በዋሽንግተን አካባቢ ውርጭ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ ይመለሳል፤ ከከተማ ውጭ ከዚያም ይዘገያል። ትንበያው 2 ዲግሪ (36 ፋራናይት) ካለ ቅጠል ያወጡትን ማታ ከመደርደሪያ አውርዳችሁ መሬት ላይ ሰብስቡ፤ አሮጌ አንሶላ በዱላ ደግፋችሁ ከላይ ጣሉባቸው። አንሶላውን ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ አንሱ።